የፍየል አይብ ወይስ ማርጋሪን፦ ዳቦ ላይ ከሚቀቡት የቱ ይሻላል?

ማለዳ ተነሺ

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ እኔና ባለቤቴ ግን ልንስማማበት አልቻልንም። በቅርቡ የደም ምርመራ ሳደርግ መጥፎው ኮሌስትሮል ትንሽ ከፍ ብሏል ተባልኩ። መድኃኒት አልታዘዘልኝም፤ «አመጋገብህን አስተካክል» ተብዬ ነው የተመለስኩት። ጠዋት ጠዋት ዳቦዬን ማርጋሪን ቀብቼ ነው የምበላው። ባለቤቴ ደግሞ «ያንን የፋብሪካ ነገር ተውና የፍየል አይብ ብላ» ትለኛለች።

ሁለቱን ማሸጊያዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። ለስላሳው የፍየል አይብ በ100 ግራም 264 ካሎሪና 21 ግራም ስብ አለው። በወረቀት የተጠቀለለው ማርጋሪኔ 717 ካሎሪና 80 ግራም ስብ። እስከዚህ አይቡ በሰፊው አሸነፈ። ወደ ሳቹሬትድ ፋት፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል ወደሚባለው ስብ ስወርድ ግን አይቡ 14.6 ግራም፣ ማርጋሪኑ 15 ግራም ይላል። ታዲያ ለልብ እኩል ናቸው ማለት ነው? የደም ግፊትም ሆነ ስኳር የለብኝም። የምታውቁ እባካችሁ አብራሩልኝ።

ስብ ጠል

ሚስትህን ስማ። ማርጋሪን እኮ ፕላስቲክ ለመሆን አንድ ሞለኪውል ብቻ የቀረው ነገር ነው። ከፍተህ በረንዳ ላይ ተወው፣ ዝንብ እንኳ አያርፍበትም። ዝንብ የናቀውን አንተ ትበላለህ? አይብ ከወተት ነው፣ ወተት ከፍየል ነው፣ አለቀ።

ዘይትና ውሃ

ይቺ የፕላስቲክ ወሬ ዛሬም አልሞተችም? ስብ ጠል ወንድሜ፣ በኬሚስትሪ «አንድ ሞለኪውል ቀረው» የሚባል ነገር የለም። በውሃና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የኦክስጅን አቶም ናት፤ አንዱን ትጠጣዋለህ፣ ሌላውን ብትጠጣው አንጀትህን ያቃጥልሃል። ዝንብን በተመለከተ ደግሞ ምን ላይ እንደሚያርፍ ሁላችንም ስለምናውቅ የምግብ አማካሪ አድርገን ባንሾመው ይሻላል።

የምግብ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ስለሠራሁ ውስጡ ያለውን ልንገራችሁ። መደበኛው ማርጋሪን 80 በመቶ ስብ፣ 16 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። የቀረው ጨው፣ ውሃውንና ዘይቱን አስማምቶ የሚይዝ እንደ ሌሲቲን ያለ ነገር፣ ቢጫ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲንና የሚጨመርበት ቫይታሚን ነው። የሚያስፈራ ነገር የለበትም። ትልቁ ጉዳይ ፈሳሹ ዘይት በምን ዘዴ እንዲረጋ ተደረገ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ላይ ዘይትም አልነበረበትም። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለወታደሩና ለድሃው የሚሆን ርካሽ የቅቤ ምትክ ላገኘ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ኢፖሊት ሜዥ-ሙሪየስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1869 ከበሬ ሞራ ሠርቶ አቀረበ። በኋላ ጀርመናዊው ዊልሄልም ኖርማን በ1902 ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጂን ማርጋት የሚቻልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ኒኬል ባለበት ሙቅ ዘይት ውስጥ ሃይድሮጂን ታሳልፋለህ፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። መከራው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራውን መንገድ ላይ ካቆምከው፣ ማለትም ዘይቱ ለመቀባት እንዲመች ግማሽ በግማሽ ብቻ ከረጋ፣ ከቀረው ስብ ከፊሉ ቅርጹ ተጣሞ ትራንስ ፋት ይሆናል።

ትራንስ ፋት ከሁሉም የከፋ ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ደጉን ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፤ ሳቹሬትድ ፋት እንኳ ይህን ሁለተኛውን አያደርግም። ለዚህ ነው ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ እንዳይኖር የከለከለችው። አሜሪካ በ2015 ወሰነች፣ ከ2018 ጀምሮ ተግባራዊ አደረገች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 ጀምሮ ያንኑ የ2 ግራም ገደብ ተግባራዊ አደረገ። ዛሬ ብዙ አምራቾች ሙሉ በሙሉ የረጋ ስብን ወይም የፓልም ዘይትን ከፈሳሽ ዘይት ጋር አዋህደው ነው የሚሠሩት። በዚህ መንገድ ትራንስ ፋቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ስለዚህ «ማርጋሪን መርዝ ነው» የሚለው ሰው ስለ አሮጌው ማርጋሪን ከሆነ የሚያወራው አልተሳሳተም። ችግሩ ገደቡ ሁሉም ቦታ አለመድረሱ ነው። አሮጌው ዓይነት ዛሬም ይገኛል፤ በተለይ ጠንካራውና ለመጋገሪያ የሚሸጠው ላይ ተጠንቀቁ።

ስብ ጠል

አየህ፣ ራስህ አመንክ። «ተጠንቀቁ» የሚባልለት ምግብ ምግብ ነው?

ዘይትና ውሃ

ጥሬ ወተትም ተጠንቀቁ ይባልለታል ወንድሜ።

የማታ ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁም። ሆስፒታል ውስጥ የሥነ ምግብ ክፍል ነው የምሠራው፤ ተረኛ ስሆን ነው እዚህ ብቅ የምለው።

ማለዳ ተነሺ፣ ሠንጠረዡን በትክክል አንብበኸዋል። ያምታታህ 100 ግራሙ ነው። በአንድ ቁርስ 100 ግራም ማርጋሪን የሚበላ ሰው የለም። 100 ግራም አይብ የሚበላ ግን ሞልቷል፤ እንደ ምግብ ይቆርሱታል፣ ሰላጣ ላይ ይበትኑታል፣ ቆመውም ይጎርሱታል። በእኩል ክብደት የሚያወዳድረው ሠንጠረዥ ሁለቱ በሳህን ላይ በእኩል መጠን እንደማይቀርቡ አይነግርህም።

ደግሞም የአንድ ወገን ምግቦች አይደሉም። ማርጋሪን ስብ ነው፤ እኩያዎቹ ቅቤና ዘይት ናቸው። ፕሮቲኑ ከዜሮ አይርቅም፣ ካልሲየሙም እንዲሁ። አይብ ግን አጓቱ የወጣለት ወተት ነው፤ ለስላሳው የፍየል አይብ በ100 ግራም 18.5 ግራም ፕሮቲን አለው። የቱ ይሻላል ብሎ መጠየቅ ጫማንና ካልሲን አወዳድሮ የቱን ልልበስ እንደማለት ነው። እኔ ታካሚዎቼን የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ አይቡን ስትበላ በምን ምትክ ነው የምትበላው? በማርጋሪን ምትክ ነው ወይስ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በባቄላ ምትክ?

አንድ ሰው ቁርሱ ዳቦና ማርጋሪን ብቻ ከሆነ፣ በዚያ ቁርስ ላይ የጎደለው ፕሮቲን ነው፤ አይብ ይህን ይሞላል። ሌላው ደግሞ እንቁላል ወይም ባቄላ እየበላ ዳቦው እንዳይደርቅበት ብቻ ስስ ማርጋሪን የሚቀባ ከሆነ፣ ማርጋሪኑን በአይብ መተካት ሳቹሬትድ ፋት ይጨምርለታል እንጂ ብዙ አይጠቅመውም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጥያቄ ጠይቀው የተለያየ መልስ ይዘው ይሄዳሉ።

ሌላው፣ «የፍየል አይብ» ብሎ አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም። ለስላሳው 264 ካሎሪ ነው፤ መካከለኛው 364፣ ደረቁና የቆየው 452 ይደርሳል። ሳቹሬትድ ፋቱ ከ14.6 ተነስቶ ወደ 20.6፣ ከዚያ ወደ 24.6 ግራም ይወጣል። ውሃው በወጣ ቁጥር ሁሉም ነገር ይጠጥራል፤ ጥቅሙም፣ ስቡም።

ሚዛን

የማታ ተረኛ ያለችው ነገር ስለከነከነኝ የወጥ ቤቱን ሚዛን አውጥቼ ልኬዋለሁ። ዳቦውን መዝኜ፣ ቀብቼ፣ እንደገና መዘንኩት። ማርጋሪኑ ለስላሳ ስለሆነ በቢላዋ ጀርባ ሲጎተት ከዳር እስከ ዳር ስስ ሆኖ ይዳረሳል፤ 10 ግራም ገደማ በቃው። አይቡ ግን እንዲህ አልሆነልኝም። ለመሳሳት እምቢ ይላል፤ ስትጫነው ይፈረፈራል፣ ዳቦውንም ቀዶ ይነሳል። ዳቦው ነጭ እስኪለብስ ድረስ 30 ግራም ሄደ።

እንግዲህ በማለዳ ተነሺ ቁጥሮች ሳሰላው፦

10 ግራም ማርጋሪን፦ 72 ካሎሪ፣ 8 ግራም ስብ፣ ከዚያ ውስጥ 1.5 ግራም ሳቹሬትድ፣ ፕሮቲን የለም።

30 ግራም ለስላሳ የፍየል አይብ፦ 79 ካሎሪ፣ 6.3 ግራም ስብ፣ ከዚያ ውስጥ 4.4 ግራም ሳቹሬትድ፣ 5.5 ግራም ፕሮቲን።

ካሎሪው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም! በ100 ግራም ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የነበረው ልዩነት ዳቦው ላይ ሲደርስ ጠፋ። እኩል የነበረው ሳቹሬትድ ፋት ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ። ሠንጠረዡ ተገለበጠ ማለት ነው።

ማለዳ ተነሺ

ሚዛን፣ እግዜር ይስጥህ። ይህንን ለባለቤቴ አሳየኋት፤ «5.5 ግራሙን ፕሮቲን ለምን ዘለልከው?» አለችኝ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። 4.4 ግራም ሳቹሬትድ ፋት ለእኔ ብዙ ነው?

የማታ ተረኛ

ባለቤትህ ልክ ናት፤ ፕሮቲኑ አይዘለልም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ፋት ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ይሆናል። 4.4 ግራም ከዚያ አንድ አምስተኛው ነው። በአንድ ቁርስ ይህን ያህል መውሰድ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የቀረውን ቀን ምን እንደምትበላ ግን ይወስነዋል። ማታ የሰባ ሥጋ የሚጠብቅህ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ሳቹሬትድ ፋት ሁሉ በየትኛውም ምግብ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። ለሰዎች እኩል መጠን ያለው ስብ ከአይብና ከቅቤ ተሰጥቷቸው ሲወዳደር፣ አይብ ሲበሉ መጥፎው ኮሌስትሮል ቅቤ ሲበሉ ከሆነው ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። አንዱ ምክንያት ካልሲየሙ ነው ይባላል፤ አንጀት ውስጥ ከስቡ ጋር ተጣብቆ እንደ ሳሙና ያለ የማይሟሟ ነገር ይሠራና ከፊሉ ስብ ሳይገባ ይወጣል። ስለዚህ የአይብን 4.4 ግራም እንደ ቅቤ 4.4 ግራም አድርጎ መቁጠር ልክ አይመስለኝም።

የማታ ተረኛ

እውነት ነው፤ ጥሩ አነሳኸው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አብዛኛው ጥናት የተሠራው በላም አይብ ነው፤ ወደ ፍየሉ ስናሻግረው በመጠኑ ይሁን። ሁለተኛ፣ ውድድሩ ከቅቤ ጋር ነበር። እዚህ ያለው ተፎካካሪ ደግሞ ማርጋሪን ነው። ከሱፍ ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት የተሠራና ትራንስ ፋት የሌለበት ለስላሳ ማርጋሪን በቅቤ ምትክ ሲበላ ኤልዲኤልን፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ዝቅ ያደርጋል፤ ሳቹሬትድ ፋት ባልረጋ ስብ ሲተካ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ በኤልዲኤል ብቻ ካየነው ለስላሳው ማርጋሪን አሁንም ይቀድማል፤ ክፍተቱ ግን ሠንጠረዡ ከሚያስመስለው ይጠባል።

ስብ ጠል

የፍየል ስብ ግን የተለየ መሆኑን ማንም አልተናገረም! ሞለኪውሉ አጭር ነው፣ በቀጥታ ጉበት ገብቶ ይቃጠላል፣ ሰውነት ላይ አይከማችም። ይህ የታወቀ ነው።

ዘይትና ውሃ

የታወቀው ግማሹ ነው። ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ የሚባሉት አጠር ያሉ አሲዶች በፍየል ወተት ውስጥ ከላም ወተት በግልጽ ይበዛሉ፤ ስማቸው ራሱ በላቲን ከፍየል የመጣ ነው። ያ የፍየል አይብ አፍንጫን የሚነካ ጠረንም ከእነሱ ነው። እነዚህ አሲዶች ቶሎ ወደ ጉበት ሄደው ለጉልበት እንደሚውሉም እውነት ነው።

ስንት ናቸው ስትል ግን፣ ሦስቱ ተደምረው ከስቡ 15 በመቶ ገደማ ናቸው። ከቀረው 85 በመቶ ውስጥ እንደማንኛውም የወተት ስብ ትልቁን ቦታ የያዘው ፓልሚቲክ ነው፤ ማይሪስቲክም አለ። ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርጉት ደግሞ በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በ15 በመቶው ተማምኖ 85ቱን መርሳት አይሆንም።

ለመፈጨት ቀለል ይላል የሚባለው ግን መሠረት አለው። የፍየል ወተት የስብ ጠብታዎች ከላሙ ያነሱ ናቸው፤ ፕሮቲኑም ሆድ ውስጥ ሲረጋ ለስለስ ያለ እርጎ ነው የሚሠራው።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። ትንሹ ልጄ የላም ወተት አለርጂ አለበት፤ ወተት ከነካ ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩ ያብጣል። ዘመዶቼ «የፍየሉን ስጪው፣ እሱ ይስማማዋል» ይሉኛል። ዳቦው ላይ የፍየል አይብ ብቀባለት ምን ትላላችሁ?

የማታ ተረኛ

እህቴ፣ በፍጹም እንዳትሞክሪው! የፍየልና የላም ወተት ፕሮቲኖች በጣም ስለሚመሳሰሉ፣ የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ለፍየሉም ይነሳባቸዋል። ከንፈሩ የሚያብጥ ልጅ ላይ ይህ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። የሚከታተለው ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳትሰጪው።

ዘመዶችሽ የሚያምታቱት ከላክቶስ ጋር ነው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ እሱ የማይፈጭለት ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል እንጂ ከንፈሩ አያብጥም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው አይብን ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ላክቶሱ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ስለሚወጣ፣ የቀረውንም ባክቴሪያዎቹ ስለሚጨርሱት ነው። ያ በፍየሉም በላሙም ያው ነው።

ደግሞ ይህንን አደራ፦ ማርጋሪን ከአትክልት ዘይት ነው ብለሽ አትዘናጊ። አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም የአጓት ዱቄት ይጨመርበታል። ይዘቱን እስከ መጨረሻው አንብቢ። «ከወተት ነጻ» የሚል ካለው እሱን ያዢ።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ተነስቼ የቤቱን ማርጋሪን አነበብኩት፤ «የአጓት ዱቄት» ይላል። ሽፍታው አንዳንዴ ከየት እንደሚመጣ ግራ ሲገባኝ ነበር የከረመው።

ሰባተኛ ወር

እኔስ? ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የፍየል አይብ በጣም ያምረኛል።

የማታ ተረኛ

እንኳን ደስ አለሽ። ወተቱ ፓስቸራይዝድ (ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት የታከመ) መሆኑን ማሸጊያው ላይ አረጋግጪ። ካልተጻፈ ይቅርብሽ። ከላዩ ነጭ የሻጋታ ልብስ ያለው ለስላሳው የፍየል አይብ ደግሞ ፓስቸራይዝድም ቢሆን በደንብ ሳይበስል አይበላም፤ እርጥበቱ መብዛቱና አሲዱ መቀነሱ ሊስቴሪያ ለሚባለው አደገኛ ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ ሊስቴሪያ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል። ልብስ የሌለው፣ ትኩስና ፓስቸራይዝድ የሆነው ምንም አይልሽም።

ሽማግሌው

ስለ ጥሬ የፍየል ወተት ከተነሳ አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ማልታ ደሴት ላይ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለወራት እየመጣ እየሄደ በሚያነድ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ተህዋሲውን አገኘው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ማንም አላወቀም። በ1905 ቴሚስቶክሊስ ዛሚት የተባለ የማልታ ተወላጅ ሐኪም ፍየሎቹን መረመረ። ፍየሎቹ ጤነኛ ይመስላሉ፣ በደንብ ይታለባሉ፣ ወተታቸው ግን ተህዋሲውን የያዘ ሆኖ ተገኘ። የፍየል ወተት ከወታደሩ ቀለብ ሲወጣ በሽታውም አብሮ ወረደ። በሽታው ዛሬ በብሩስ ስም ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብም ያስተላልፈዋል።

ልጄ ስብ ጠል፣ «ከፍየል ነው፣ አለቀ» ያልከው ትዝ ብሎኝ ነው።

ስብ ጠል

ጋሼ፣ እርስዎን አልከራከርም። ግን ቫይታሚኑስ? አይብ ከተፈጥሮው ነው ያለው፤ ማርጋሪን ደግሞ የተበደረውን ነው የሚያሳየን።

ዘይትና ውሃ

ተበድሮም ቢሆን ሞልቶ ይከፍላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ቅቤዋን ወደ ውጭ እየላከች ሕዝቧን ማርጋሪን ታበላ ነበር፤ ያኔ ማርጋሪን ላይ ቫይታሚን አይጨመርም። የድሃ ልጆች ዓይናቸው እየደረቀ መታወር ጀመሩ። ካርል ብሎክ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ከወተት ስብ እጦት ጋር አያያዘው። ወደ ጦርነቱ መጨረሻ ቅቤው እንደ ቀድሞው መላክ ሲያቅትና አገር ውስጥ በራሽን ሲከፋፈል በሽታው ጠፋ። የጠፋው ነገር ቫይታሚን ኤ ነበር። በኋላ በብዙ አገሮች ማርጋሪን ላይ ቫይታሚን ኤ እና ዲ መጨመር የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ቫይታሚን የተጨመረበት ማርጋሪን በ100 ግራም 800 ማይክሮግራም አካባቢ ቫይታሚን ኤ አለው፤ ለስላሳው የፍየል አይብ 300 አይሞላም። ቫይታሚን ኢም ከዘይቱ ስለሚመጣ በማርጋሪን ይበልጣል።

ያልተጨመረበት ማርጋሪን ግን ዛሬም አለ፤ እሱ ስብ ብቻ ነው።

የማታ ተረኛ

አይቡ የሚበልጥባቸው ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ቢ2 ናቸው። ቢ12ም አለው፣ ብዙ ባይሆንም። በፎሌት፣ ማለትም ደም ለመሥራት በሚያስፈልገው ቫይታሚን፣ ግን አትመኩበት፤ የፍየል ወተት ፎሌቱ አነስተኛ ነው። ሕፃናትን በፍየል ወተት ብቻ ያሳደጉ ሰዎች ልጆቻቸው ደም ማነስ ይዟቸው ያመጧቸዋል።

ስለ ካልሲየም ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ለስላሳው የፍየል አይብ በ100 ግራም 140 ሚሊግራም ካልሲየም ብቻ ነው ያለው። ደረቁ 895 ነው። ልዩነቱ ከውሃው ብቻ አይደለም። ለስላሳው አይብ የሚረጋው በዋናነት በአሲድ ነው፤ ወተቱ ሲኮመጥጥ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣብቆ የነበረው ካልሲየም ይሟሟና ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። ደረቁ አይብ ግን በሬኔት፣ ማለትም ከጥጃ ወይም ከግልገል ጨጓራ በሚወጣ ኢንዛይም ስለሚረጋ፣ ካልሲየሙ እርጎው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የአጥንት መሳሳት የሚያሰጋው ሰው «አይብ እየበላሁ ነው» ብሎ በለስላሳው ቢዘናጋ 30 ግራሙ የሚሰጠው 42 ሚሊግራም ብቻ ነው። ያው 30 ግራም ከደረቁ ቢሆን 270 ገደማ ያገኝ ነበር፤ ከ7 ግራም በላይ ሳቹሬትድ ፋት ጋር።

ጨውን ሁላችሁም ረሳችሁት። ለስላሳው አይብ በ100 ግራም ከ1 ግራም በላይ ጨው አለው፣ ጨው ያለበት ማርጋሪን ደግሞ ወደ 2 ግራም ይጠጋል፤ በሚበላው መጠን ስታሰሉት ግን አይቡ ይበልጣል። ግፊት ያለበት ሰው ይህን ይመልከት።

ሚዛን

ኮሌስትሮል ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው ማርጋሪንስ? እውነት ነው ወይስ ማስታወቂያ?

የማታ ተረኛ

እውነት ነው። ስታኖል ወይም ስቴሮል የተጨመረበት ነው፤ መጀመሪያ በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው ለገበያ የቀረበው። እነዚህ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ኮሌስትሮልን ስለሚመስሉ አንጀት ውስጥ ቦታውን ይሻሙታል። በቀን 2 ግራም ያህል ስቴሮል በየቀኑ ከተወሰደ ኤልዲኤልን እስከ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አንዳንድ ቀን ብቻ መቀባት አይሠራም። ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለትንንሽ ልጆች አይመከርም።

ዝም ብዬ አንባቢ

ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካለ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከካኖላ ዘይት የተሠራ ማርጋሪን ቫይታሚን ኬ አለው። መጠኑን በየጊዜው ሳይቀያይር ቢበላ ጥሩ ነው። አባቴ በዚህ ምክንያት ስለተቸገረ ነው የማውቀው።

ማለዳ ተነሺ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እኔና ባለቤቴ እንዲህ ተስማማን። ቁርሴ ዳቦ ብቻ ስለሆነ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለስላሳውን የፍየል አይብ ከቲማቲም ጋር እበላለሁ። በሌሎቹ ቀናት እንቁላል ወይም ባቄላ ሲኖር ዳቦዬን ስስ አድርጌ ማርጋሪን እቀባለሁ፤ በወረቀት የተጠቀለለውን ግን ትቼዋለሁ። ክዳን ባለው ዕቃ የሚመጣ ለስላሳ አግኝቻለሁ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ልገልብጥላችሁ፦

«የሱፍ ዘይት፣ ውሃ፣ ፓልም ዘይት፣ ጨው፣ ሌሲቲን፣ ፖታሲየም ሶርቤት፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ዲ። በ100 ግራም፦ ኃይል 540 ካሎሪ፣ ስብ 60 ግራም፣ ሳቹሬትድ 13 ግራም፣ ትራንስ ከ0.5 ግራም በታች፣ ጨው 0.9 ግራም።»

ስብ ጠል

ፖታሲየም ሶርቤት! በስሙ ብቻ ሆዴ ታመመ።

ሽማግሌው

እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ ነው፤ አይብ ላይም ይጨመራል ልጄ። ያንተን አይብ አገላብጠህ እየው።

ዘይትና ውሃ

ማለዳ ተነሺ፣ ጥሩ ነው የመረጥከው። ይዘቱ ሲጻፍ በብዛት ቅደም ተከተል ነው፤ የሱፍ ዘይት መጀመሪያ፣ ሳቹሬትድ ፋት የሚበዛበት ፓልም ከውሃ በኋላ መምጣቱ ደግ ምልክት ነው። «በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት» የሚል የለም። 10 ግራሙ 1.3 ግራም ሳቹሬትድ ነው የሚሆነው። አንድ ነገር ብቻ፦ 60 በመቶ ስብ ማለት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ስለዚህ እንቁላል ልትጠብስበት ስትል ይንጣጣብሃል። ለመጥበሻ ዘይት ተጠቀም፣ ይህን ለዳቦ ተወው።

ማለዳ ተነሺ

ትናንት ጠብሼበት ምድጃው ሙሉ ተረጭቷል፤ ባለቤቴም ይህን እያነበበች እየሳቀች ነው።